ዘይቤ የሌለበት ዓረፍተ ነገር

ጥር 18 ቀን 1980 ዓ.ም.
መርካቶ፣ ጭድ ተራ

ለባለቤቴ ለጥጋቡ
አሰብ

ጥጋቡዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለኝም። ቤቱም እንዳለ ነው፤ ጣራው ከምሥራቅ በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፣ አስጠገንኩት።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አዎ፣ እኔ ሸዋርካብሽ። ስትሄድ በአውራ ጣቷ የምትፈርም ሚስት ነበረችህ፤ አሁን ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ታውቃለች። አላምንም ካልክ የምታነብልህን ጠይቃት፤ ፊደሌ ወፍራም ወፍራም ነው፣ መስመሩንም አንዳንዴ ይስታል፣ የኔው ነው።

የምታነብልህ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ወረቀቱን የያዝከው አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ። የምታነብልህ ሠርኬ ናት። አትደንግጥ፣ እንዴት እንዳወቅሁ በተራው እነግርሃለሁ። ሠርኬ እህቴ፣ አንቺም አትደንግጪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢለት። መሀል ላይ ሊያቋርጥሽ ይሞክራል፤ እሱ ሌላ ሰው ሲያወራ መስማት ሞቱ ነው። እሺ እንዳትዪው።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቴ ልንገርህ። አንተ በሄድክበት ክረምት ቀበሌው መሠረተ ትምህርት ያልገባ ሰው ስኳር አያገኝም አለ። እኔ ደግሞ ያለ ስኳር ሻይ አልጠጣም፣ ታውቀኛለህ። ለስኳር ብዬ ገባሁ። ከዚያ ፊደሉ ራሱ ያዘኝና የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ፤ በዓመት ሁለት ክፍል እያጠፍኩ ይኸው ዘንድሮ ሰባተኛ ደርሻለሁ። ቀን ፍራሽ እሰፋለሁ፣ ጭድ እጠቀጥቃለሁ፤ ሲመሽ ደብተሬን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። ፀጉሬ ላይ ጭድ እንደተሰካ ስለምገባ አጠገቤ የምትቀመጠው ሐጀራ፣ ሶማሌ ተራ ሻሽ የምትሸጠው፣ አንድ በአንድ እየለቀመችልኝ እንማራለን።

የአማርኛ አስተማሪያችን ሰገነት ትባላለች። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፤ እኛ ቲቸር እንላታለን፣ እሷ ደግሞ እኔን እትዬ ትለኛለች። ከጥቅምት ጀምሮ የምታስተምረን ዘይቤ የሚባለውን ነው። ነገርን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ አስጊጦ፣ አዙሮ፣ አግዝፎ መናገር ነው አለችን። እኔ ሳቄ መጣ።

«ምን አሳቀዎት፣ እትዬ ሸዋርካብሽ?» አለችኝ።

«ይሄማ ባለቤቴ ነው» አልኳት።

እውነቴን ነው እኮ። ምሳሌ አምጡ ብትል ሌላው መጽሐፍ ሲያገላብጥ እኔ ካሴቶችህን ይዤ ሄድኩ። እነዚያን የሹፌር ጓደኛህ በሪሁን ጭነት ይዞ ከአሰብ በመጣ ቁጥር የሚያቀብለኝን፣ እኔ ሰምቼ መልስ የማልመልስባቸውን። የኔ ቴፕ ከባድ ስለሆነ ሐጀራ ትንሿን ከቤቷ አመጣች። እንግዲህ አትቆጣ፣ ድምፅህ ሰባተኛ «ለ» ክፍልን ሲያስተምር ነው የከረመው።

«ካለ አንቺ እንደ ተሳቢ ሆኛለሁ፣ የሚጎትተኝ ከሌለ ቆሜ እቀራለሁ» ያልከው ተነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል። «እንደ» የምትለዋ ቃል ታሳብቅበታለች። «አንቺ ሞተሬ ነሽ» ያልከው ደግሞ «እንደ»ን አውልቆ ጥሎ በቀጥታ ሰውን ዕቃ ያደርጋል፤ ይሄ ተለዋጭ ነው። ሐጀራ «እኔን ባሌ ሞተር ቢለኝ፣ ዘይት ቀይርልኝ ነበር የምለው» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። የአሰብ ወበቅ አጠገብህ ጋደም ብሎ «ሸዋርካብሽስ?» እያለ ይጠይቅሃል ያልከውስ? እሱ ሰውኛ ነው፤ ሰው ያልሆነውን ሰው ማድረግ። ወበቁ በስሜ ስለሚያውቀኝ ደስ ብሎኛል፣ ሰላም በልልኝ።

እንባህ ቀይ ባሕርን በክንድ ከፍ ያደረገው ግን ግነት ነው። ይሄን ስንሰማ አቶ ኑሪ፣ የጅምላ መጋዘን ያላቸው ሽማግሌ፣ እጃቸውን አወጡና «ቲቸር፣ እንዲያ ከሆነ ዕቃችን ወደብ ላይ የዘገየው ለዚህ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ቲቸር ራሷ ጠመኔውን ጥላ ሳቀች። ምጸት የተማርን ዕለት ደግሞ ማንም ምሳሌ አልፈለገም፤ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ያልሳቅሁት እንቶኔ ላይ ብቻ ነው። እንቶኔ ማለት የሌለን ሰው ወይም የማይሰማን ነገር እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር ነው። አንተ «የደሴ መንገድ ሆይ፣ ደጇ ስትደርሽ ሳሚልኝ» ያልከው። እኔ ግን ያኔ ትዝ ያለኝ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሎ የቀረው ኮትህ ነው። ስንቴ እንደሰደብኩት፣ ስንቴ «በላ መልስልኝ» እንዳልኩት፣ አንዳንዴም ራት በልቼ ስጨርስ ገበያው እንዴት እንደዋለ እንደነገርኩት። ለካ እኔም ሳልማረው እንቶኔ ስሠራ ኖሬያለሁ። ይህን ለክፍሉ አልተናገርኩም።

የተጣላንበትን ቀን አልረሳኸውም መቼም። ሰው የነገረኝን ይዤ አሰብ ሌላ ሴት አለችህ ወይስ የለችህም ብዬ ጠየቅሁህ። አለች ወይም የለችም፣ አንዲት ቃል ነበር የፈለግሁት። አንተ «ጨረቃ ያለችው ሰው ኩራዝ ምን ያደርግለታል» ብለህ ጀመርክ። ኩራዙ አለ ወይስ የለም አልኩህ። ስለ ከዋክብት ቀጠልክ። ሻንጣህን አውጥቼ በር ላይ አስቀመጥኩት። «አልመለስም» አልክ፣ «አትመለስ» አልኩህ። ያቺን ሰዓት ብቻ ሁለታችንም ያለ ዘይቤ ተናገርን።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈትህ ደብዳቤ ትልክልኝ ነበር፤ ከአምና ፋሲካ ጀምሮ ደግሞ ካሴት ሆነ። ለመዘነጥ መስሎኝ ነበር። ዘመናይ ሆኗል፣ የወደብ ሰው ሆኗል ብዬ አምቼሃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ባለፈው ወር ቲቸር በኛ ተማረረች። ክፍሉ በዘይቤ ሰክሯል። ጫማ የሚጠርገው ማዕረግ ለምን ዘገየህ ሲባል «ታክሲው ፊቱን አዞረብኝ» ይላል። አቶ ኑሪ የቤት ሥራቸውን ያልሠሩት ደብተራቸው ስላኮረፋቸው ነው። ቲቸር በመጨረሻ «ዘይቤ የሌለበትን የማያውቅ ሰው ያለበትንም አያውቅም» አለችና የቤት ሥራ ሰጠችን። ከምታውቁት ሰው አፍ ዘይቤ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ሰምታችሁ ጽፋችሁ ኑ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ እያለች፣ ኅዳር ላይ የመጣውን ካሴት ከፈትኩ። እስኪ ይሄ ሰውዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ እንኳ በቀጥታ ተናግሮ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ምን ተናግረህ። ስለ አየሩ ስትናገር ዘይቤ፣ ስለ ዓሣ ስትናገር ዘይቤ፣ ጉንፋን ስለያዘህ እንኳ አፍንጫህን ምንጭ አድርገኸዋል። ባዶ ወረቀት ይዤ መጨረሻው ደረስኩ።

መጨረሻው ላይ ሳታጠፉት የቀረ ትንሽ ነገር አለ። አንተ ተሰናብተህ ዝም ካልክ በኋላ የሴት ድምፅ «እጅዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ» ይላል። ያቺን ቃል ካሴቱ ከመጣ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አትጠይቀኝ። በሰማኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ይቺ ናት ኩራዟ እላለሁ፣ ቴፑን በጥፊ መትቼ አጠፋለሁ። እጁን ምን ልታደርገው ነው? ጆሮዬ እሷን ሲጠብቅ ከእሷ በፊት አንተ ያልከውን ልብ ብሎት አያውቅም። የዚያን ዕለት ግን የቤት ሥራ ሆነብኝና ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩት። እየሰማሁ ጻፍኩ።

«ሠርኬ፣ መሽቷል እንዴ?»

«ኧረ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። እጅዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

ዘይቤ ፈለግሁበት። «እንደ» የለውም፣ አላገነነም፣ ማንንም ሰው አላደረገም፣ አልቀለደም። ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ የጻፍኩትን አንዴ ደግሜ አነበብኩት። የአሰብ ፀሐይ፣ በዘጠኝ ሰዓት። አንተ ደግሞ መሽቷል ወይ ብለህ ትጠይቃለህ። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ባሌ አያይም አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን።

በሪሁን በሳምንቱ መጣ። ጭነት ሲያራግፍ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ጥጋቡ ዓይኑ ምን ሆኗል?» አልኩት።

«አስምሎኛል፣ እትዬ።»

«በማን?»

«በገብርኤል።»

«እኔ ከገብርኤል ጋር እነጋገራለሁ፣ አንተ ተናገር።»

ነገረኝ። ሁለቱም ዓይንህ ላይ ነጭ ነገር እንደወጣ፣ ከአምና ፋሲካ ወዲህ መሪ እንዳልጨበጥክ፣ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠህ የሚገባውን መኪና በሞተሩ ድምፅ እየለየህ ለዘበኛው እንደምትነግረው። ሠርኬ እዚያው ሻይ የምትሸጥ ባለትዳር እንደሆነች፣ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ ማንበብና መጻፍ እንደምትችል፣ ሥራዋን ስትጨርስ እጅህን ይዛ ማደሪያህ እንደምታደርስህ። ታዲያ ለምን አይመጣም አልኩት። «ያባረረችው ሙሉ ሰው ነበር፣ ተመርቼ ደጇ አልቆምም ይላል» አለኝ።

ወዛደሩ ሁሉ እያየኝ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባሕሩ ከፍ አላለም፣ ነጠላዬ ግን ረጠበ።

አንተ ሰውዬ፣ ምን ባደርግህ ይሻላል? ሞተር፣ ተሳቢ፣ ጨረቃ፣ የማታመጣው ነገር የለም። «ዓይኔ አያይም» ማለት አቃተህ? ሁለት ቃል ናት እኮ። ያን ሁሉ ካሴት ሞልተህ ስትልክ ሁለቷን ቃል የምታስገባበት ቦታ አጣህ? ተናድጃለሁ። ሠርኬ፣ እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ተናድዳለች በይው። አንቺንም በሆዴ ብዙ ብዬሻለሁና ይቅር በይኝ። ስትመጪ የምትተኚበት ፍራሽ እኔ ሰፍቼ እሰጥሻለሁ፣ ሻጋታ የሌለበት ጭድ መርጬ።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ የዓይን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፊቱ አይፈታም። በሪሁን የነገረኝን ሁሉ ነገርኩት። «ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሌላ ከሆነ ላይድን ይችላል። ሳላየው አላውቅም። ያምጡት» አለኝ። እንዲህ ያለ ንግግር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ከአፉ አንድ ጌጥ አልወጣም። ደስ አላለኝም፣ ግን አመንኩት። ለመጋቢት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ።

ለክፍሉም ነገርኩ፣ መደበቅ አልቻልኩም፤ የቤት ሥራዬን ሳነብ ቲቸር ይህን ከማን አፍ ሰሙት አለችኝ። አቶ ኑሪ ከዚያ ተነሥተው «ሽማግሌ ሆነን አሰብ ድረስ እንሂድ» አሉ። ማዕረግ ሳይቀር ተመዝግቦ ነበር። ፈተና ስለደረሰ ቲቸር ከለከለች እንጂ ይኼኔ ሰባተኛ «ለ» ጋራዡ በር ላይ ተደርድሮ ነበር። በመጨረሻ «እርስዎ ራስዎ ይጻፉለት» ተባለና ይኸው ተቀመጥኩ።

ስጽፍ ስሰርዝ ሁለት እሑድ ወሰደብኝ። «ዓይንህ እሆንልሃለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ አንተ ብትሆን በደንብ ታሳምረው ነበር። ግን ተለዋጭ ዘይቤ ነው፣ ሰረዝኩት። አልሆንልህም፣ ጥጋቡዬ። ዓይንህ መሆን አልችልም። እጅህን መያዝ ግን እችላለሁ። ሰው ምን ይላል ትል ይሆናል። ሰው ይላል፤ መርካቶ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል? እጅህን ይዤህ በጠራራ ፀሐይ በጭድ ተራ መሀል አልፋለሁ፣ የሚያወራ ያውራ።

ተቀምጠህ የምትጦር እንዳይመስልህ ደግሞ። ፍራሽ መሙላት ዓይን አይፈልግም፣ ክንድ ነው የሚፈልገው። እኔ ወገቤን እያመመኝ የምጠቀጥቀውን አንተ ትጠቀጥቃለህ፣ እኔ እሰፋለሁ። ልጅ አልሰጠንም እግዚአብሔር፣ ሁለታችን ብቻ ነን። አንተም እዚያ እኔም እዚህ ስናረጅ ለማን ይበጃል?

ፍርሃትህ ይገባኛል። እኔም ፈርቻለሁ። ሐኪሙ ላይድን ይችላል ያለውን ላንተ አልደበቅሁም፣ ለራሴም አልደበቅሁም። ሲነጋ ነው ትዝ የሚለኝ፣ በሩን ስከፍት፣ ብርሃኑ ሲገባ። ይሄን ባሌ አላየውም እላለሁ። ከዚያ ሥራዬን እጀምራለሁ።

በሪሁን የካቲት መግቢያ ላይ ከአሰብ ጭኖ ይወጣል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ላንተ ይዞልሃል። ለገብርኤልም ስለቴን አግብቻለሁ፣ በመሐላው አይጨነቅ። በረሃው ሳያቃጥልህ፣ ጠመዝማዛው ሳያንገላታህ፣ ፍሬኑ ደህና በሆነ መኪና ይዞህ ይምጣ። ሠርኬንም፣ ልጆቿንም፣ ያንን ጋራዥ ሙሉ ሰው ፈጣሪ ክፉ አያሳያችሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ቲቸር አይታዋለች። ምንም ዘይቤ የለበትም ብላ በቀይ እስክሪብቶ የትክክል ምልክት አድርጋበታለች።

ናፍቀኸኛል። አትመለስ ያልኩህ ተናድጄ ነው። ዓይንህ ቢድንም ባይድንም አብረን እንድንኖር እፈልጋለሁ። ና።

ሚስትህ
ሸዋርካብሽ

ሠርኬ እህቴ፣ እዚህ ላይ አቁሚና ጠብቂው። ቶሎ አይናገርም። ከዚያ የሚለውን በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጽፈሽ በበሪሁን ላኪልኝ። እመጣለሁ ቢል እመጣለሁ አለ በይ። እምቢ ቢል እምቢ አለ በይ። ቢያለቅስ፣ አለቀሰ ብለሽ ጻፊ። አታሳምሪው።